ሁለቴ ብቻ የምትመልሰው ወፍ

ድምጿን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ መልኳን ግን አይቻለሁ ብሎ የሚምል አንድም ሰው የሌላት ወፍ አለች። ከአቃቂ ወንዝ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ሥር ባለው የአጋምና የቀጋ ጥሻ ውስጥ ነው የምትኖረው። ዛፍ ላይ አትወጣም። መሬት ለመሬት፣ በረገፈው ቅጠል መሀል እንደ አይጥ ትሽሎከሎካለች። ስትዘምር ግን ያች ጭብጥ የማትሞላ ፍጥረት ከቃሊቲ መንገድ የሚመጣውን የከባድ መኪና ጩኸት ታስረሳለች።

ዮዲት ተክሌ በዚያ እሁድ ማለዳ ጃኬቷን ጤዛው ላይ አንጥፋ ከጥሻው ፊት ተቀምጣ፣ ከዚች ወፍ ጋር ውል ገባች። ወፏ ዛሬ ወጥታ ከታየቻት ሶሬሳን ትጠብቃለች። ካልታየቻት ደግሞ ማታ ለአባቷ «እሺ» ትላቸዋለች። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ ያውም ጉምሩክ ውስጥ ለሰው ዕቃ ስትከራከር የምትውል ትራንዚተር፣ ትዳሯን በወፍ ላይ ጥላ መቀመጧ ያስቃል። ግን የሚያማክረው ያጣ ሰው ካገኘው ጋር ይማከራል።

ትናንት ማታ አባቷ ጋሽ ተክሌ ያነጋገሯት የራዲዮናቸውን ድምፅ ቀንሰው ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያ ራዲዮ እንደ ሦስተኛ የቤተሰብ አባል ሆኗልና፣ ሲቀነስ ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቀች። የጌዲዮን ሽማግሌዎች ሁለቴ መጥተው በወጉ ሁለቴ ተመልሰዋል። በሚቀጥለው እሁድ ለመጨረሻው ቀጠሮ ይመጣሉ። እስከዚያ አቆይቶ እምቢ ማለት ሰው ማዋረድ ነው። ስለዚህ ነገ ማታ ቁርጧን እንድትነግራቸው ጠየቋት። ክፉ አባት አይደሉም፤ አላስገደዷትም። ሶሬሳ ዓመት ሙሉ እንዳልጠየቃት ብቻ አስታወሷት። «የቆጡን አወርድ ስትይ የብብትሽን እንዳትጥዪ» አሏት፤ ከዚያ ራዲዮውን መልሰው ከፍ አደረጉት።

ጌዲዮንም ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። የሦስት ከባድ መኪና ባለቤት ነው። ጉምሩክ በር ላይ ፀሐይ ሲመታት ካየ ጃንጥላ ይልክላታል፤ ሲያነጋግራት ጫማውን ያያል። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ዮዲት እሱን እያሰበች ከእንቅልፏ ነቅታ አታውቅም።

ሶሬሳን ያገኘችው እዚሁ ጥሻ ሥር ነው። ከቅዳሴ ስትመለስ በአቋራጭ ስታልፍ አንድ ረጅም ሰው በደረቱ ተኝቶ አየች። መጀመሪያ የሰከረ፣ ቀጥሎ የታመመ መሰላት። ሰው ልጥራልህ ወይ ብትለው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በዓይኑ ተቆጣት። ሌላ ሴት ብትሆን መንገዷን ትቀጥል ነበር። ዮዲት ግን ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

ገላን ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። የዚችን ወፍ ማንነት ለይቶ ማወቅ ይፈልጋል። መጽሐፉ ውስጥ እሷን የሚመስሉ ሁለት ወፎች አሉ፤ ሁለቱም ትንሽ፣ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ድብቅ። የሚለያቸው ከዓይን በላይ እንደ ቅንድብ የተሰመረ ፈዛዛ መስመር መኖር አለመኖሩና የሆዳቸው ቀለም ነው። ያንን ለማየት ደግሞ መውጣት አለባት፤ እሷ አትወጣም። ሶሬሳ ቅንድብ የላትም ባይ ነበር። ዮዲት ስለ ወፍ ምንም ሳታውቅ አላት አለች። ምን ማስረጃ አለሽ ሲላት «እንዲህ የምትዘፍን ሴት ሳትኳል አትወጣም» አለችው። ተወራረዱ። የተረታው ሰው ጮክ ብሎ «ተረታሁ» ሊል ተስማሙ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ የእነሱ ሆነ። ሶሬሳ የወፏን ድምፅ በስልኩ ቀርጾ መልሶ ያሰማታል፤ እሷም ሌላ ወፍ ግዛቷ ውስጥ የገባባት መስሏት ትመልሳለች። ግን ከሁለት ጊዜ በላይ አያሰማትም ነበር። ደጋግመን ካሰማናት መብሏንና ጎጆዋን ትታ ከሌለ ጠላት ጋር ስትሟገት ትውላለች፣ ግፍ ነው አላት። ዮዲት የወደደችው ይህን ስትሰማ ነው። ለወፍ እንዲህ የሚያስብ ሰው ለሚስቱ ምን ሊሆን ነው ብላ በልቧ አሰላች።

ያንን ድምፅ የቀረጹበትን ቀን ሁለቱም አይረሱትም። በሆዳቸው ተኝተው ሳለ ወፏ ከመቼውም ይልቅ ቀርባ ዘመረች። ሶሬሳ ስልኩን ዘርግቶ ትንፋሹን ውጦ ይቀርጻል። በዚያው ሰዓት ጉንዳን በሱሪው ገብቶ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እጁ ግን ቅንጣት አልተነቃነቀም። ዮዲት ቻለች፣ ቻለች፣ ወፏ ስትጨርስ ሳቋ አመለጣት። የእናቷ ሳቅ ነው ያላት፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ወደ ውስጥ ይሳባል። ሶሬሳም እየሳቀ «ዝም በይ እባክሽ» አላት በሹክሹክታ። ማታ የወፏን ድምፅ ብቻ ቆርጦ ላከላት። ሳቋን ያጠፋው መስሏት ነበር።

በጥቅምት ሽማግሌ መጣ። በወጉ የልጁ አባት ባይመጣም ይቻላል፤ የሶሬሳ አባት ኦቦ ኩምሳ ግን ለአንድ ልጄ እኔው ካልቆምኩለት ብለው ከሁለት የአገር ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ጥቁር ባርኔጣቸውን አውልቀው በጋሽ ተክሌ ሳሎን ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ የመጣንበት ጉዳይ አለ አሉ፣ ተለመኑ፣ ጉዳዩ ተነገረ፣ ተቀመጡ። ማዕድ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። ዮዲት ጓዳ ሆና የበሩን መጋረጃ ጨብጣ ትሰማለች። ጋሽ ተክሌ ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«ልጁ የት ያኖራታል?»

ኦቦ ኩምሳ ወደ አፋቸው ያደረሱትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡ። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ወጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩና ተከተሏቸው። ሽማግሌን ቀጠሮ ሰጥቶ መመለስ ያለ ነው። ሽማግሌ ቀጠሮ ሳይቀበል ጥሎ ሲሄድ ግን ጋሽ ተክሌ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። በገዛ ቤቴ ተዋረድኩ አሉ። ገላን ላይ ደግሞ ኦቦ ኩምሳ ለልጃቸው «አባረሩን» ብለው ነገሩት፤ ከዚያ በኋላም ያንን ደጅ እሳቸውም ዘመዶቻቸውም እንዳይረግጡት ማሉ።

በማግስቱ ሶሬሳ ደወለ። አባቴን ሰደባችሁት አላት። እሷ የወግ ጥያቄ ነው፣ ምን ያስቆጣል አለች። «ለእናንተ የወግ ነው» አለና ዝም አለ። ዝምታው አበሸቃት። ሰው ሲበሽቅ አፉ ከልቡ ይቀድማል።

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹን እስክትመልስ አትደውልልኝ» አለችው።

እንዲህ የሚሉት ሰው ቶሎ እንዲደውል ነው። ሶሬሳ ይህን የሚነግረው ሰው አላገኘም። እሱ ቃል የሚያከብር ሰው ነው፤ ሽማግሌ መመለስ ስላልቻለ አልደወለም። እሷ እንደተተወች ቆጠረች። እሱ እንደታዘዘ ቆጠረ።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ ዮዲትን ቢጠይቋት የምትናገረው ብዙ የላትም። ሥራ፣ ታክሲ፣ ቤት ነው። ጉምሩክ ሰልፍ ላይ ቆማ ስልኳ በነዘረ ቁጥር ልቧ ይዘላል፤ የሚደውለው ግን ኮንቴይነሬ የት ደረሰ የሚል ሰው ነው። ሳሪስ አቦ ሽንኩርት ስትመርጥ ከሰው በላይ ብቅ ያለ ረጅም ጭንቅላት ካየች ሽንኩርቱን ጥላ ታያለች። ማታ ከአባቷ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፣ ራዲዮው ያወራል። የምትነግረው ሰው ስላልነበራት ሆድ ይፍጀው አለች። መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀልድ የሚያወሩ ባልደረቦቿ እሷ ስትገባ ወሬ መቀየር ጀመሩ። የማይስቅ ሰው ፊት ቀልድ ማውራት ይከብዳል። እሷ ራሷ ከሳቀች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት አላስተዋለችም። ጌዲዮን ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን እንኳ ሰፈሩ ካወቀ በኋላ ነው የሰማችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በክረምቱ ጎርፍ ሁለቱን ዳርቻ ያገናኝ የነበረውን የእንጨት ድልድይ ወሰደው። ወፏም ጠፋች። ዮዲት ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ስትመላለስ ጥሻው ጸጥ ብሎ ይጠብቃታል። እሷም ትታኝ ሄደች አለች።

አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው እሁድ መጣች። ስልኳን ከፍታ ያንን ድምፅ ለጥሻው አሰማች። ወዲያው ከወንዙ ማዶ መልስ መጣ። ደግማ አሰማች፣ ደግሞ መለሰላት። ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች። ወፏ አልሞተችም፤ ወደ ማዶ ተሻግራ ነበር ማለት ነው። በሚቀጥለው እሁድም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም እንደዚያው ሆነ። ሁለቴ ስታሰማት ሁለቴ ትመልሳለች፤ አንድም ቀን ሦስተኛ አላለችም። ጨዋ ወፍ ናት ብላ አደነቀቻት። ወፍ ከየት አምጥታ ነው እንዲህ የምትቆጥረው ብላ አልጠየቀችም። ፍቅር የያዘው ሰው ጆሮ ለምስክርነት አይበቃም።

አሁን እንግዲህ ውሉ ወደ ተገባበት እሁድ እንመለስ።

ወንዙ በዚያ ማለዳ ጎድሎ፣ ድምፁም ዝቅ ብሎ ነበር። ዮዲት የመጀመሪያውን አሰማች። ማዶ መለሰላት። ዓይኗን ሳትነቅል ጥሻውን አየች፤ ምንም አልወጣም። ትንሽ ቆይታ ሁለተኛውን አሰማች። አሁን ግን መልስም አልመጣም።

ጠበቀች። ፀሐይዋ ከፋብሪካዎቹ ጣሪያ በላይ ብቅ አለች። ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴው ድምፅ ይመጣል፣ ከታች ወንዙ ይሄዳል፣ መሀል ላይ እሷ ብቻዋን ተቀምጣለች። ማታ ለአባቷ የምትለውን ቃል በአፏ ውስጥ ሞከረችው። ሁለት ፊደል ነው፤ ሲሞክሩት ግን ይከብዳል። ተነሳች፣ ጃኬቷን አነሳች፣ ቅጠሉን አራገፈች።

ያኔ ከማዶ ያ ዝማሬ ተሰማ። ከመቼውም ቀርቦ፣ ከመቼውም ጠርቶ ተሰማ። ጨረሰና ዝም አለ።

ከዚያ ማዶ ካለው ጥሻ ውስጥ አንዲት ሴት ሳቀች።

ዮዲት መጀመሪያ ደነገጠች። አንዷ ተደብቃ እኔን እያየች ትስቅብኛለች ብላ አፈረች። ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ወደ ውስጥ ተሳበ። እናቷ መሰለቻት። ወዲያው ደግሞ አንድ የወንድ ሹክሹክታ ተከተለ። «ዝም በይ እባክሽ» አለ።

የራሷ ሳቅ ነው። እሷ ከጠፋባት ቆይቷል፤ ሌላ ሰው ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል። እነዚያ ሁሉ እሁዶች ማዶ ሆኖ ሁለቴ ብቻ ሲመልስላት የነበረው ማን እንደሆነ ገባት።  ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች።

በዚህ መሀል እግሯ ሥር ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ለካ ወፏ አልተሻገረችም። ሰው በሁለት በኩል ግዛቷን ሲደፍርባት ከርሞ፣ አሁን ደግሞ ሲሳቅባት ትዕግሥቷ አለቀ መሰለኝ፣ ጭራዋን ቀስራ ከአጋሙ ሥር ወጣች። ዮዲት እንደቆመች ደረቀች።

«ሶሬሳ» አለች ቀስ ብላ።

ማዶ ቅጠሉ መንቀሳቀሱን አቆመ። «ዮዲ?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ድምፁ ራሱን ያላመነ ሰው ድምፅ ነበር።

«አትነቃነቅ። ወጥታለች።»

ወንዙ ብቻ ይሰማል። ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሰዎች ከምን እንደሚጀምሩ አያውቁም። ሶሬሳ ከሚያውቀው ጀመረ።

«ቅንድብ አላት?»

ዮዲት እንባዋ ጋርዷት ማየት አቅቷት ነበር። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ወፏ አልሄደችም፤ በአንድ ዓይኗ አግድም እያየቻት ትቆጣለች።

«አላት» አለች። «ፈዘዝ ያለ ነው። ግን አላት።»

«ሆዷስ?»

«መሀሉ ነጣ ይላል። ጎን ጎኑ ቀረፋ ይመስላል።»

ሶሬሳ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሥዕል በዓይነ ልቡናው እያየ መሆኑን አወቀች። ከዚያ ጥሻውን ገልጦ ወንዙ ዳር ቆመ። ከስቷል፣ ጺሙን አሳድጓል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶታል፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል። «ተረታሁ» አለ ጮክ ብሎ፣ እንደ ውላቸው።  ወፏ ወደ ጥሻዋ ገባች፣ የተመለከታትም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ወንዙን መሀል አድርገው ነው። ውኃው ሰፊ አልነበረም፤ ጭቃው ግን ሰው ይውጣል። እሱም ያች ወፍ ከዮዲት ዳርቻ የምትመልስለት መስሎት በየእሁዱ ሲመጣ እንደነበር ነገራት። ሳቁ ጋ ሳይደርስ ሁልጊዜ ያቆመዋል፤ መስማት አልቻለም። ዛሬ ግን ለእሷ ሽማግሌ እንደሚመጣ ታክሲ ውስጥ ሰምቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ዳር አዳምጦ ሊያጠፋው ነበር የመጣው። የሰው ሚስት ሳቅ ይዞ መኖር ነውር ነው አለ።

«ለምን አልደወልክም?»

«አትደውል አልሽኝ።»

ዮዲት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መቆጣትም አይቻልም። ሶሬሳ ቀጠለ፤ አሁን ወንዙን እያየ ነው የሚናገረው።

«አባቴ ያን ቀን ለምን ተነስቶ እንደወጣ ልንገርሽ። የምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ብሎክ የቆመበት መሬት የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር። አንድ ክፍል ቤት ደረሰን። እሱ አሁን የብሎኩ ጥበቃ ነው፤ የራሱን ማሳ ሌሊት በዱላ ይጠብቃል። አባትሽ ‹የት ያኖራታል› ሲሉት…»

አልጨረሰውም። ለምን ያኔ እንዳልነገራት ጠየቀችው። ያ ነገር ቤታቸው ውስጥ እንደማይነሳ፣ በስልኩ ሊነግራት ፈልጎ አፉ እምቢ እንዳለው ነገራት። ከዚያ በልመና ዓይን አያት። «አባቴ ግን አይመጣም፣ ዮዲ። አውቀዋለሁ።»

ተስፋ ልትሰጠው አልቻለችም። ሳቋን እንዳያጠፋው ብቻ ለመነችው። እሷ በወዲህኛው፣ እሱ በወዲያኛው ዳርቻ ተለያዩ። ትንሽ እንደሄደች ዞራ ብታይ ጥሻው ሸፍኖታል። ለአንድ አፍታ ዓመቱን ሙሉ ከኖረችበት ብቸኝነት የባሰ ብቸኝነት ተሰማት፤ ያኔ ሰውዬው የት እንዳለ አታውቅም ነበር፣ አሁን ግን እያወቀች ልትደርስበት አትችልም።

ማታ ጋሽ ተክሌ ራዲዮውን ቀነሱ። ዮዲት ወፏን ትታ የቀረውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስለ ጤፉ ማሳ ስትደርስ አባቷ እጃቸው ላይ ያለውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱ። የትኛው ብሎክ እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። 

ጋሽ ተክሌ በወጣትነታቸው የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ። ባቡሩ ሲቆም ከአቃቂ ጣቢያ ጎን ያለውን ቤታቸውን ብቻ ይዘው ቀሩ። በኋላ አንድ አሮጌ አይሱዙ ገዝተው አሸዋ ማመላለስ ጀመሩ። ዛሬ ያላቸው ሁሉ የመጣው ከዚያ አሸዋ ነው፤ ዮዲትም የተማረችው በእሱ ነው።

«ጤፉ ገና አልታጨደም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ፎርማኑ አሸዋውን እዚያው ላይ አራግፉ አለን፣ አራገፍን። አንድ ሰውዬ ዳር ቆሞ ያየን ነበር። ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ። ሰላም እንኳ አላልኩትም።»

ያ ሰው ኦቦ ኩምሳ ይሁን ሌላ፣ ዮዲት አታውቅም። እሳቸውም አያውቁም። ጥቁር ባርኔጣ የሚያደርግ ብዙ ነው። ግን ጋሽ ተክሌ ራዲዮውን መልሰው አልከፈቱም።

«ያንቺስ ቃል?» አሏት ቆይተው።

«ሶሬሳን እጠብቃለሁ፣ አባዬ። ባይመጡም።»

ለጌዲዮን በማግስቱ አባቷ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። ዮዲትም ጃንጥላውን ልትመልስለት ጉምሩክ በር ላይ ስታገኘው፣ ጫማውን እያየ «ያዢው፣ ክረምት ዞሮ መምጣቱ አይቀርም» ብሎ ሄደ። ለእሱም አዘነችለት። ሰው ወዶ ሲቀር ምን እንደሚመስል አሳምራ ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ተክሌ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከመኝታ ቤት ወጡ። የት እንደሚሄዱ ስትጠይቃቸው ገላን አሉ። ዮዲት የሰማችውን አላመነችም። የሴት ወገን ሽማግሌ ሆኖ የወንዱን ደጅ ይጠናል እንዴ? ሰው ምን ይላል? ያውም ብቻቸውን። እሳቸው የጋቢያቸውን ጥለት ሲያስተካክሉ ቆዩና «ያስቀየምኩት ብቻዬን ነው» ብለው ወጡ።

ያ ከሰዓት አልመሽ አላት። ልብስ አጠበች፣ ያልቆሸሸ ወለል ወለወለች። ራዲዮው ዝም ብሏል። ቤቱ ከመቼውም ይልቅ ባዶ መሰላት። አባቷ ከዚያ ደጅ ተዋርደው ቢመለሱ በማን ትፈርዳለች? ኦቦ ኩምሳ ፊታቸውን ቢያዞሩ ይፈረድባቸዋል? ስልኳን አነሳችና ሳትደውል አስቀመጠች። ሶሬሳም እዚያው አባቱ አጠገብ እንደሷ በጭንቅ ቆሞ እንደሚሆን አሰበች።

ጋሽ ተክሌ የመጡት ሊመሽ ሲል ነው። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ገብተው ተቀመጡ፣ ውኃ ጠየቁ፣ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀቻቸው። ኦቦ ኩምሳን ያገኟቸው ብሎኩ በር ላይ፣ ከጥበቃ ቤቷ ፊት እንደሆነ ነገሯት። ተቀመጡ ቢባሉም የመጣሁበት ጉዳይ ሳይሰማ አልቀመጥም ብለው እዚያው መንገድ ላይ፣ የሚገባው የሚወጣው እያያቸው ቆሙ። የአሸዋውን ነገር ሳይደብቁ ተናገሩ። ኦቦ ኩምሳ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ጤፉ ላይ ያራገፉት እርስዎ ነዎት?» አሉ። አዎ አሏቸው። ከዚያ ኦቦ ኩምሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ሜዳ ይመስል ሕንፃውን ሲያዩ ቆዩ።

«ከዚያስ?» አለች ዮዲት።

ጋሽ ተክሌ የውኃውን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«መለሱኝ» አሉ።

ልቧ ተሰነጠቀ።  አባቷ ግን እንደተዋረደ ሰው አልነበሩም፤ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ኮራ ያሉ ይመስላሉ።

«ቤተሰቡ ይምከርበት አሉኝ» ብለው ቀጠሉ። «ለሁለት ሳምንት ቀጠሩኝ። ጠላ ቀድተውልኝ ሁለታችንም ቀመስን። ደግሞም ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹የሴቷ አባት ሆይ፣ ልጃችንን የት ሊያኖሩልን አስበዋል?› አሉኝ።»

ዮዲት አባቷን አየች። በጋቢያቸው ተሸፍነው እንደ ወንድ ወገን ሽማግሌ ቀጠሮ የተሰጣቸውን፣ ደጅ የጠኑትን፣ የተመለሱትን ጋሽ ተክሌን አየች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ እያለቀሰች ሳቀች፣ ሳቋም መጨረሻው ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ወደ ውስጥ ተሳበ።

ጋሽ ተክሌ እጃቸውን ወደ ራዲዮው ዘርግተው ነበር። ያንን ሳቅ በዚህ ቤት ከሰሙ ቆይተዋል። እጃቸውን መለሱና ዝም ብለው አዳመጡ።